ቢጫ ክር ከገበሩ ሥር

እባብ መፍራት ካሉ እንደሷ ነው። ጓሮ የተጣለ የውኃ ጎማ ካየች መንገዷን ታሳብራለች። ቴሌቪዥን ላይ እባብ ከመጣ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ባሏን «አለፈ?» ትለዋለች፤ ባሏም ተንኮል አይለቀውምና እባቡ ሄዶ ዜና ከተጀመረ በኋላ እንኳ «ኧረ ገና ነው» እያለ ያቆያታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እሷ ግን አንድ እባብ በቅጡ ሳታይ ነው ከልጡ የበረየችው። እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእባብ ቆዳ ስትሰፋ የኖረችው ይህችው ሴት ናት። መሳቅ ይቻላል፤ እሷም ትስቅበታለች።

የቦርሳ ፋብሪካ ይባል እንጂ ፋብሪካስ አልነበረም። አንድ ረጅም ቤት ነው፤ ሁለት ረድፍ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አንዲት ሴት፣ ከየሴቷ አናት በላይ አንድ አምፖል። የማስቲሹ ሽታ ከሰዓት በኋላ ራስ ያዞራል። ቆዳው ለፍቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ራስ የለው፣ ዓይን የለው፣ ምላስ የለው። ለሷ ጨርቅ ነበር፤ ደኅና ጨርቅ። በቤቱ ውስጥ የእባብ ስም አይነሣም፤ ሁሉም «ዕቃው» ነው የሚለው። ዕቃው መጣ፣ ዕቃው አለቀ፣ ዕቃው ዘገየ እየተባለ ዓመቱ ዓመትን ይተካል።

ባለቤቱ ቀጭን፣ ሽቶ የማይለየው፣ ሠራተኞቹ ሁሉ «ጋሼ» የሚሉት ሰው ነው። ብልጥ ነበር፤ ብልጥነቱን ማንም አይነሣውም። ለእያንዳንዷ ሰፊ የራሷን የክር ቀለም ሰጣት። ሰፊዋ ቦርሳውን ጨርሳ ከመዝጋቷ በፊት ከገበሩ ሥር፣ ከማይታየው ቦታ፣ በራሷ ቀለም ሦስት ቋጠሮ ታስራለች። ቦርሳው ተተርትሮ የተመለሰ እንደሆነ ጋሼ ገበሩን ገልጦ የማን ጥፋት እንደሆነ በአንድ አፍታ ያውቃል። ለምስጋና ገበር የገለጠበት ቀን ግን ታይቶ አይታወቅም። ለሷ የደረሳት ቢጫ ነበር። ከዚያ ወዲያ የእናት አባቷ ስም ቀረና «ቢጫ» ተባለች፤ አጠገቧ ያለችው «ሰማያዊ»፣ ከፊቷ የምትቀመጠው ቁጡዋ «ቡኒ»።

ቢጫ አንድ አመል ነበራት። ሌሎቹ ከመጋጠሚያው የተረፈውን ቆዳ በመቀስ ቀጭ አድርገው ጠርዙን በማስቲሽ ይለጥፉታል። እሷ አትቆርጥም። ግራኝ ናትና ስፌቷ የሚያልቀው በግራ በኩል በታችኛው ጥግ ነው፤ እዚያ ጣት የሚያህል ቆዳ ታስተርፍና ወደ ውስጥ አጥፋ ከገበሩ ሥር ትሰፋዋለች። ቦርሳ ሲቀደድ የሚጀምረው ከጥግ ነዋ። ጋሼ «ዕቃ አታባክኚ» እያለ ስንቴ ጮኸባት። «እሺ ጋሼ» ትላለች፤ ዞር ሲል ታጥፋለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቢጫ ቋጠሮ ያለበት አንድም ቦርሳ ተተርትሮ አልመጣም። ስለዚህ ሰውዬው አፉ ቢጮኽም ዓይኑ ያያልና፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ለደንበኛ የሚታየውን ናሙና የሚያሰፋው እሷን ነበር። ናሙናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለ አጭር እጀታ የእጅ ቦርሳ። ተሰፍቶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ በዓመቱ ሌላ ይጨመርበታል።

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች «ባለ አንድ» ነበሩ። አንድ ሰፊ ቆዳ ቦርሳውን ዙሪያውን ይጠቀልለዋል፤ መጋጠሚያ የሚባል ነገር የለውም። በአራተኛው ዓመት ቆዳው ጠበበና «ባለ ሁለት» ሆነ። ከዚያ ባለ ሦስት መጣ። ከዚያ ባለ አምስት። የምትሰፋው ቦርሳ ያው ነው፤ የሚገባበት ቆዳ ግን እየጠበበ፣ መጋጠሚያው እየበዛ ሄደ። አንድ ቀን የቆራጮቹን አለቃ «ዕቃው ምነው ጠበበ?» አለችው።

«ፋሽን ነው» አላት፤ ቀና ብሎም አላያት።

ፋሽን ከሆነ ይሁን ብላ ሰፋች። ሌላ ምን ታድርግ?

ገጠር የሚኖር ታላቅ ወንድም አላት፤ ገበሬ ነው፤ እርሻው ወንዝ ዳር ነው። እሱ ደግሞ በስልክ በተገናኙ ቁጥር የሚያወራው ስለ አይጥ ነበር። አይጥ ክምሩን በላው፣ አይጥ ከረጢቱን ቀደደው፣ አይጥ ቀበቶውን እንኳ አልማረውም። «ገበታ ቀርቦ እጅ መታጠብ ብቻ ነው የቀረው» ይላታል። ትስቃለች። አንድ ጊዜ ግን ሳቁን ትቶ፣ «ድሮ እኮ ዘንዶ ነበር፤ አይጡን እሱ ይጨርስልን ነበር። ሰዎች ጆንያ ይዘው እየመጡ ለቅመው ጨረሱት» አላት። ሰማችው፤ «አይ ጊዜ» አለችው፤ ስልኩን ዘጋች። በማግስቱ ባለ ሰባት ሰፋች። ነገሩ አልተያያዘላትም፤ መቼስ ሰው የእጁን ሥራ መጨረሻ ላይ ነው የሚያየው።

ያየችው በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ነው። የዚያን ዓመት ናሙና ጨርሳ ሰጥታለች፤ ባለ አሥራ አንድ ነበር፤ ጣቷ በመርፌ ተበሳስቶ ነበር። አለቃው የለምና ዕቃ ራሷ ከኋላ መጋዘን እንድታመጣ ተላከች። በሩን ከፍታ ገባች። ጥግ ላይ ጆንያ አለ። ጆንያው ተንቀሳቀሰ። መሮጥ ነበረባት፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አለ። የጆንያው አፍ ላልቶ ነበርና ወደ ውስጥ አየች። ቀጫጭኖች ናቸው፤ አንዳቸውም ከአውራ ጣቷ አይወፍሩም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ዝም ብለዋል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ተያያዘላት፤ የቆዳው መጥበብ፣ የወንድሟ አይጥ፣ ፋሽን የተባለው ውሸት። ዘንዶው አልቆ ልጆቹ ላይ ተደርሷል። ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ቢጫ ክሯን ከነመጠቅለያው አስቀመጠችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። የራሷ ቦርሳ የጨርቅ ነበር።

ባሏ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሥራ ለቀቅሁ ስትለው «እሰይ፣ የማስቲሽ ሽታ ከቤቴ ሊወጣ ነው» አለ እንጂ ለምን አላላትም። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። በዓመቱ ሙዚየም ውስጥ በጽዳት ተቀጠረች።

በሙዚየሙ እሷ ወልውላ ባለፈችበት ወለል ላይ ፊት ማየት ይቻላል። ሁለተኛው ፎቅ የሷ ግዛት ነው፤ አራት አዳራሽ፣ ስድሳ ሁለት የመስታወት ሳጥን፣ አንድ ሲረገጥ የሚጮኽ ደረጃ። የጣት አሻራ መስታወት ላይ ካየች ሰውየውን ፈልጋ የምታመጣው ይመስላል። ዳይሬክተሯ ሳትቀር በረጠበ ወለል ላይ ስታልፍ «እትዬ፣ ይቅርታ» ብላ ነው። ድሮ ምን ትሠሪ ነበር ሲሏት «ልብስ ስፌት» ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለች፤ ጡረታዋም ሦስት ዓመት ቀረው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አሥራ አምስት ካርቶን መጣ። ለአዲስ ዐውደ ርእይ ነው ተባለ፤ የእባብ ቆዳ ንግድ የዱር እባቦችን እንዴት እየጨረሰ እንደሆነ ለሕዝብ የሚያሳይ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት የእባብ ሥዕሎች ፊታቸውን አዙረው ተደግፈው ነበር፤ ለሷ ተብሎ ሳይሆን እንዲያው ዕድል ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ከአንድ ነጋዴ መጋዘን የተያዙ ቦርሳዎች ናቸው፤ ሙዚየሙ በአደራ ተቀብሏቸዋል። የሙዚየሙ የእንስሳት ባለሙያ፣ ያ መነጽሩን ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ የሚረሳ ወጣት፣ እያወጣ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር እሷ ወለል ትወለውል ነበር። ቀና አለች። ባለ አጭር እጀታው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የጋሼ መደርደሪያ እንዳለ ተነሥቶ መጥቷል። እጀታዋን እንደ ድጋፍ ይዛ ቆመች፤ የመወልወያዋን ማለቴ ነው።

«እትዬ፣ ምነው? እባብ አይደሉም እኮ፤ አይዞሽ» አላት ባለሙያው።

«አውቃለሁ» አለችውና ወደ ወለሏ ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ጉዱ ፈላ። ነጋዴው አቤት ብሏል፤ ቦርሳዎቹ የከብት ቆዳ ናቸው፤ በማሽን የእባብ መልክ የታተመባቸው ናቸው፤ ዕቃዬ ይመለስልኝ ነው የሚለው። የከብት ቆዳ መሸጥ ደግሞ ማንም አልከለከለም። ባለሙያው ቢሮ ውስጥ ለዳይሬክተሯ ሲያስረዳ ቢጫ መስኮት እየወለወለች ትሰማለች። እውነተኛ የእባብ ቆዳ ከጅራት ወደ ራስ ሲታሽ ቅርፊቱ ብድግ ይላል፤ የታተመ ከሆነ ግን ዝም ነው። ባለሙያው አሽቶ አሽቶ ጣቱ ላጥ ብሏል፤ አንድም ቅርፊት አልተነሣም። ከአንዱ ጠርዝ ተፍቆ ለላቦራቶሪ የተላከው ብናኝ ውጤቱ በሦስት ወር ነው የሚመጣው፤ ውሳኔው ግን ሐሙስ ነው። አንዱን ቀድዶ ውስጡን ማየት ደግሞ አይቻልም፤ እስኪወሰን ድረስ የሰው ንብረት ነው።

«እኔስ ከብት ነው ብዬ ልፈርም ነው» አለ ባለሙያው። «ያላየሁትን አየሁ አልል።»

ዳይሬክተሯ ግንባሯን ያዘች። ቦርሳዎቹ ከሄዱ ዐውደ ርእዩም ሄደ፤ ሰውየው ደግሞ የከብት ነው የሚል ወረቀት በእጁ ካስገባ ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቀዋል?

ቢጫ መስታወቱን ሁለቴ ወለወለችው። ምን እንደሆነ ታውቃለችና። ቫርኒሽ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ላይ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ተሰፍተው ባለቁት ቦርሳዎች ላይ ሁሉ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ሳይቀሩ፣ ወፍራም ቫርኒሽ ይረጭ ነበር፤ ቅርፊቱን ከቅርፊቱ ይለጥፈዋል፤ ያን ጊዜ እንኳን የሰው ጣት የድመት ጥፍርም አያነሣው። ይህንን መናገር ግን የሰፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እባብ ስትሰፋ የኖረች ሴት የእባብ ተቆርቋሪ ሙዚየም ውስጥ ምን ትሠራለች ይሏታል። ፖሊስ ይጠራባት ይሆናል። ጡረታዋስ? ዝም ካለች ደግሞ ቦርሳዎቹ ለጋሼ ይመለሳሉ፤ ጆንያውም እንደገና ይሞላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ቀኑም ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ እየጠጡ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው፤ ጆንያውን ጭምር። ሽማግሌው ዳቦውን አስቀመጠ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለ መጀመሪያ።

«እሱንማ አሥራ አንድ ዓመት ሞከርኩት።»

«የአፍ ወለምታም በቅቤ አይታሽም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተረት ነው የጠየቅሁህ?»

ኩባያውን አሽከረከረ። «ስነዳ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር» አለ። «ፌርማታው ያለፈው ተሳፋሪ አለ፤ ጮክ ብሎ ወራጅ አለ ማለት ያፍራል። ሰው ያየኛል ብሎ ዝም ይልና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዳል። በመስታወት አየዋለሁ። ላብ ያጠምቀዋል። አንዷን ቃል ቢላት እኮ አቆምለታለሁ።» ከዚያ ዳቦውን አነሣ። «አንቺም በያት። ደግሞ ቢያባርሩሽ እኔ አለሁ፤ እኔ ወለል እወለውላለሁ።»

«አንተ? ሲኒ ያላጠብክ ሰው!»

ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ስብሰባው በሙዚየሙ ትልቁ ክፍል ነው። ከጉምሩክ የመጡ አንድ ኃላፊ አሉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቃላቸው ቁጥብ። ባለሙያው ወረቀቱን ይዟል፤ ዳይሬክተሯ ቀለሟ ጠፍቷል። ቦርሳዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል። ጋሼ ገባ። ሸብቷል፤ ሽቶው ግን ያው ነው፤ በሩ ላይ ከሰውዬው በፊት የደረሰው ሽቶው ነበር። ቢጫን አያት፤ ጋዋኗን አየ እንጂ ፊቷን አላየም።

«እስቲ እዚህ ጋ ጥረጊ» አላት ጠረጴዛውን እያሳየ።

ጠረገችለት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ የተቀመጠችን ሴት አላወቃትም። ይህ ነገር ፍርሃቷን ግማሽ በግማሽ እንደወሰደላት በኋላ ለባሏ ነግራዋለች።

ጋሼ አወራ። አፉ ድሮም ማር ነው። ቦርሳዎቹን ከውጭ ተሰፍተው በጅምላ እንደገዛቸው፣ ማን እንደሰፋቸውም እንደማያውቅ፣ በሕይወቱ የእባብ ቆዳ በቤቱ ደጃፍ አልፎ እንደማያውቅ ተናገረ። ባለሙያውን አመሰገነ። እንዲህ ያለ የተማረ ወጣት ለአገር ያስፈልጋል አለ። ባለሙያው በምስጋናው ደስ ያለው አልመሰለም፤ ብዕሩን አወጣና ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«ወራጅ አለ» አለች ቢጫ።

ሁሉም ዞር አሉ። እሷም ከአፏ የወጣው ምን እንደሆነ ያወቀችው በኋላ ነው። ፊቷ ጋለ። ግን አንዴ ወጥቷል።

«አትፈርም ልጄ» አለችው ባለሙያውን። «የእባብ ናቸው። ቅርፊቱ የማይነሣው ቫርኒሽ ስላለበሱት ነው።»

ጋሼ ፈገግ አለ። «የጽዳት ሠራተኛም ባለሙያ ሆነች?»

«ስለ ቦርሳው ባለሙያ ነኝ» አለች። «ባለ አጭር እጀታዎቹን አሥራ ዘጠኙንም የሰፋኋቸው እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሯ አፏን ከፍታ ቀረች። ኃላፊው ብቻ ናቸው ያልተደናገጡት። «ማስረጃ አለዎት?» አሏት፤ አንቱ ብለው።

«አለኝ። ከመክፈቴ በፊት ልናገር፣ ይጻፉልኝ። በግራ በኩል በታችኛው ጥግ፣ ከገበሩ ሥር፣ ጣት የሚያህል እጥፋት አለ፤ ማንም ሌላ ሰፊ እንዲያ አያደርግም። እጥፋቱ ውስጥ ነውና ቫርኒሽ አልደረሰበትም። ከሱ አጠገብ ሦስት ቢጫ ቋጠሮ አለ።»

ኃላፊው ጻፉ። ጋሼ ግን ተነሣ። «ንብረቴን አትቀድም! ሕግ አለ!»

«አልቀድም» አለች። «ስፌት እፈታለሁ። ስምንት ስፌት ነው። የእባብ ካልሆነ ማንም እንዳልነካው አድርጌ እመልሰዋለሁ።»

ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የተፈታ ስፌት የሚመለስ ከሆነ ንብረት አልጎደለም። ይፍቱት።»

ከጋዋኗ ኪስ መርፌ አወጣች፤ ሰፊ የነበረ ሰው መርፌ አይለየውም። ተቀመጠች። ከባለ አጭር እጀታዎቹ አንዱን ሳትመርጥ አነሣችና በግራ እጇ መፍታት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ክሩን ሳትበጥስ በአውራ ጣቷ እየደገፈች፣ በየስፌቱ መጨረሻ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ነካ እያደረገች። ይህቺን ነገር ራሷም አታውቃትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የነበረች አመል ናት።

ጋሼ ግን ያውቃታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያያት ኖሯል። ፊት የማያይ ሰው እጅ ያያል።

«ቢጫ?» አለ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

ከአፉ ካመለጠ በኋላ ሊውጠው ሞከረ፤ ቃል መቼስ አንዴ ከወጣ አይመለስ። ኃላፊው ቀና አሉና አዩት። «ማን እንደሰፋቸው አያውቁም አልነበር?» አሉት፤ በለሆሳስ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ የሚባለው ለሁለት ነበር፤ እሱ ግን ብቻውን ቀርቷል።

ስምንተኛው ስፌት ተፈታ። ገበሩ ተገለጠ። እጥፋቱ እዚያው ነው፤ አጠገቡ ሦስት ቋጠሮ፣ ቀለሙ ጥቂት ደብዝዟል እንጂ ቢጫ ነው። ባለሙያው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፤ ምናልባት በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። እጥፋቱን በጥፍሩ ከታች ወደ ላይ ፈቀፈቀው። ቅርፊቱ ብድግ ብድግ አለ፤ ስስ፣ የሚያበራ፣ አንዱ ከአንዱ የተለየ። ባለሙያው ያዘጋጀውን ወረቀት ለሁለት ቀደደው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ አላፈረበትም።

ቢጫ የዚያን ጊዜ ደስ አላት። ደስታው ሌላ ነገር አልነበረበትም፤ እንዲያው ንጹሕ ደስታ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ኃላፊው ተነሥተው ሲጨብጧት እጇ በማጽጃ የሻከረ መሆኑን እንኳ አላሰበችም። ስለ ራሷ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ «እርስዎ ምስክር ነዎት፤ ተከሳሽ የት እንዳለ አውቃለሁ» አሏት።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። ባለሙያው ቦርሳዎቹን በቀለም ለይቶ በሳጥኖቹ ሊደረድር ሲል ቢጫ መወልወያዋን ጥላ መጣች።

«እንዲያ አይደለም» አለችው። «ዞር በል እስቲ ልጄ።»

ራሷ ደረደረቻቸው። በዓመታቸው ነው፤ የመጀመሪያው ከመጀመሪያው፣ የመጨረሻው ከመጨረሻው። አሥራ ዘጠኝ ቦርሳ በአንድ ረጅም መስታወት ውስጥ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም አንድ ቅርጽ። ከዚያ ቁጠሩ አለቻቸው። ባለሙያውና ዳይሬክተሯ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ ባለ አንድ፣ ባለ አንድ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት። መሐል ሲደርሱ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። መጨረሻው ባለ አሥራ አንድ ነበር።

«ስንት ዘንዶ እንደነበረ፣ ስንት እንደቀረ የሚያሳይ መዝገብ በየትም አገር ፈልጌ አጥቻለሁ» አለ ባለሙያው። «ለካ አንቺ ስትሰፊው ኖረሻል።»

በመግለጫው ጽሑፍ ላይ ትንሽ ተከራከሩ። ዳይሬክተሯ «ለእውነት የቆመች የሙዚየማችን ሠራተኛ» የሚል ነገር ጽፋ ነበር፤ ውዳሴውም ብዙ ነው። ቢጫ አስነበበቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ያ ክር ለምስጋና የታሰረ አይደለም» አለች። «ጥፋት ሲገኝ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው የሚታሰረው። ጥፋት ተገኝቷል። የሰፋችው ቢጫ ብለሽ ጻፊ፤ ይበቃል።»

እንዲሁ ተጻፈ። ያ የተፈታው ቦርሳ በረድፉ ላይ ገበሩ እንደተገለጠ ነው፤ ስምንቱን ስፌት አልመለሰችውም፤ እመልሳለሁ ያለችው የእባብ ካልሆነ ነበርና።

የመክፈቻው ቀን አዳራሹ ሰው መያዝ አቃተው። ባሏ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጥቶ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «ሚስቴ ናት፤ ቢጫዋ» ሲል ዋለ። ሰው ወደ ረጅሙ መስታወት ይመጣል፤ መጀመሪያ «ሲያምር» ይላል፤ ከዚያ ጣቱን አውጥቶ መቁጠር ይጀምራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። መስታወቱ እስከ ማታ በጣት አሻራ ተሸፈነ። ቢጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትወለውለው ወደ ቤቷ ሄደች። ሳይቆይ የጋሼ ቤት ታሸገ፤ ተከትሎም ዕቃ የሚያቀብሉትና ጆንያ ይዘው የሚዞሩት ተያዙ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጽዳቱ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠና እሷ ከመስታወቱ ፊት ቆማ ለጎብኚ ታስረዳለች፤ ግድግዳው ላይ ወዳሉት የእባብ ሥዕሎች ግን እስከ ዛሬ ጀርባዋን ሰጥታ ነው።

ዐውደ ርእዩ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጎብኚ እየጠበቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«ዛሬ አየሁ» አላት።

«ምን አየህ?»

«ዘንዶ። ከክምሩ ሥር ወጥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ሃያ ዓመት ያላየሁት ነገር።»

ግድግዳው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ነካኸው እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ። ቆሜ አሳለፍኩት። አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት።»

«ውፍረቱስ?» አለችው። «ንገረኝ፣ ውፍረቱ ስንት ይሆናል?»

«ከክንዴ ይበልጣል። ተይ እንጂ፣ ከጭኔ ላይ ደርሷል ብልሽ አልዋሸሁም።»

ቢጫ ዓይኗን ጨፈነች። እጇ በአየር ላይ ወርዱን ለካ፤ ዙሪያውን፣ ከፊት እስከ ኋላ። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ በመስታወቱ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦርሳ አየች፤ መጋጠሚያ የሌለውን። እንባዋ ፈሰሰ፤ ፊቷ ግን ይስቅ ነበር።

«ባለ አንድ ነው» አለችው። «ወንድሜ፣ ባለ አንድ ነው። ተወው፣ ይሂድ።»